እናትን በተኛችበት አትላንቲክን ማሻገር
የቢዝነስ ክላስ ትኬትን በቤተሰብ አቅም ለመግዛት የተማርናቸው ነገሮች

ማታ ማታ ከቦሌ ወደ አሜሪካ ከሚሳፈሩት መካከል ነጠላ የለበሱ እናቶችና ከዘራ የያዙ አባቶች አይጠፉም። አንዷ የወለደች ልጇን ልታርስ ነው የምትሄደው። አንዱ የልጅ ልጁን ምርቃት ሊያይ ነው። ሌላዋ ለዓመታት በስልክ ብቻ ያየችውን ልጇን ልታቅፍ ነው። ቪዛው ተገኝቶ፣ ሽሮውና በርበሬው ተቋጥሮ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ግን በቤተሰቡ መካከል ማንም ጮክ ብሎ የማያነሳት አንዲት ጥያቄ ትቀራለች፦ እኚህ ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጠው እንዴት ይዘልቁታል?

በእኛ ቤት ጥያቄዋ ዘንድሮ ተነሳች። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ደም ግፊትም አለባት። ከሦስት ዓመት በፊት ሜሪላንድ ያለችውን ታናሽ እህቴን ልትጠይቅ የሄደችው በኢኮኖሚ ነበር፤ እግሯ አብጦ ሳምንት ሙሉ ጫማ አልገባላትም። ዘንድሮ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀን ስትቆጥር፣ እማዬ “እኔ ሳልኖር ማን ያርሳታል?” ብላ ተነሳች። “እግርሽስ?” ስንላት “እግሬ ደግሞ ምን ሆነ?” አለች።

ጀርመን የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን “በቢዝነስ ክላስ እንላካት” ሲል ዋጋውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከኢኮኖሚው ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ነበር። እማዬ ስትሰማ “በዚህ ብር ስንት ነገር ይሠራበታል! እኔ አልጋ ተከራይቼ አልሄድም” ብላ ቆረጠች። ሁለት ወር ያህል ስንጠይቅ፣ ስናወዳድርና ስናሰላ ቆየን። የደረስንበት ነገር ለሌላውም ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቢዝነስ ክላስ አንድ ዋጋ የለውም፤ ሙሉውን ጉዞ በቢዝነስ መግዛትም ግዴታ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ነው?” ሳይሆን “መንገደኛው መተኛት ያለባቸው የትኛውን ሌሊት ነው?” የሚለው ነው።

የትኛውን ሌሊት?

አዲስ አበባና ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን በመንገዱ ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላት አለበት። ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ከፊት ይገጥመዋል።

በመመለሻው ነገሩ ይገለበጣል። የዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። መሄጃው ግን ከነማረፊያው 16 እና 17 ሰዓት ይፈጃል። ሲደርሱም የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት የጊዜ ልዩነት ይጠብቃል፤ ሰውነት “ከሰዓት በኋላ ሆኗል” ሲል ከተማው ገና እየነጋ ነው።

ይህ ልዩነት ለኪስ ትልቅ ትርጉም አለው። እማዬ የምትሄደው ልታርስ ነው። እንደደረሰች ገንፎ ልታገነፋ፣ ሌሊት ሕፃን ልታቅፍ ነው። ስትመለስ ግን ቤቷ ነው የምትገባው፤ ሳምንት ብትተኛ የሚጠይቃት የለም። ስለዚህ አልጋው የሚያስፈልጋት ስትሄድ ነው አልን። በርካታ አየር መንገዶች በአንድ ደርሶ መልስ ትኬት ላይ መሄጃውን በቢዝነስ፣ መመለሻውን በኢኮኖሚ አድርገው ይሸጣሉ። የጠየቅነውን ዋጋ በመቶ አስልቼ ላስረዳ፦ ደርሶ መልስ ኢኮኖሚው 100 ቢሆን፣ ደርሶ መልስ ቢዝነሱ 350 ነበር፤ መሄጃው ብቻ ቢዝነስ ሲሆን ግን 220 ገደማ ሆነ። ከ350 ወደ 220 መውረድ ለአራት ልጆች መዋጮ ብዙ ነው።

የሌላው ቤተሰብ ስሌት የተለየ ሊሆን ይችላል። ለሕክምና የሚሄዱ አባት ከቀዶ ጥገና በኋላ ሲመለሱ ነው ይበልጥ መጋደም የሚፈልጉት። ያኔ አልጋው የሚገዛው ለመመለሻው ነው። ወሳኙ ነገር ሰውየውን አይቶ መወሰን ነው።

አልጋው መድኃኒት አይደለም

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የእማዬን ሐኪም አማከርን። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። ከረጅም በረራ በኋላ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚለው፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ለጤነኛ ሰው ግን አደጋው በራሱ ትንሽ ነው፤ ከ6,000 መንገደኞች በአንዱ ላይ የሚደርስ ነው። ዕድሜ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ጥገና ወይም ቀድሞ የነበረ የደም መርጋት ሲጨመርበት ከፍ ይላል።

ደሙን የሚያረጋው የወንበሩ ዋጋ ሳይሆን አለመንቀሳቀስ ነው። በቢዝነስ ክላስ አሥር ሰዓት ሳይነሱ የተኙ ሰውም አደጋው አይቀርላቸውም። በኢኮኖሚ መተላለፊያው ዳር ተቀምጠው በየሰዓቱ ተነስተው የሚራመዱ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን የሚያንቀሳቅሱና ውኃ የሚጠጡ ደግሞ ራሳቸውን ይጠብቃሉ። እግርን ጠበቅ የሚያደርግ ካልሲ ለማን እንደሚሆን ሐኪም ይወስናል። አስፕሪንን በራስ ፈቃድ ጀምሮ መሳፈር አይገባም።

አልጋው የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ጉልበትን መዘርጋት፣ ወገብን ማሳረፍ፣ እንቅልፍ። የሐኪሙ መልስም ይኸው ነበር፤ “ለሕይወቷ ግድ አይደለም፤ ለጉልበቷና ለእንቅልፏ ግን ይጠቅማታል” አሉን። ይህን ማወቃችን ጠቀመን። “አልጋ ካልገዛን እናታችን ትሞታለች” ከሚል ፍርሃት ወጥተን፣ አቅማችን እስከፈቀደው ድረስ ብቻ ለማውጣት ወሰንን።

ብዙ አዛውንት “ላይ አየር ያጥረኛል” ብለው ይሰጋሉ። ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 በሚባሉት አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር የሚስተካከለው ቢበዛ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ያንሳል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ማማከሩ ግድ ሆኖ፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የአውሮፕላኑ አየር እንግዳ አይደለም።

አንድ ወንበር፣ ብዙ ዋጋ

ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የቢዝነስ ክላስ መንገደኞች የከፈሉት ገንዘብ በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። አየር መንገዶች አንዱን ክፍል በስውር ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ የዋጋ እርከን ጥቂት ጥቂት ወንበር ይመድባሉ። ርካሹ እርከን ሲያልቅ ዋጋው ወደሚቀጥለው ይዘላል። ስለዚህ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የሚከተሉትን ልብ ቢል ያተርፋል።

አንደኛ፣ ሁለት ሰው የሚሄድ ከሆነ ዋጋውን መጀመሪያ ለአንድ ሰው ጠይቁ። በርካሹ እርከን አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶ “ለሁለት” ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሁለቱም በውዱ ዋጋ ሊቀርቡላችሁ ይችላሉ። አባትና እናት በተለያየ ዋጋ ተገዝተው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የዳያስፖራውን ጅረት ተቃራኒ ሂዱ። በሰኔና በሐምሌ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ይጎርፋል፤ በነሐሴ መጨረሻ ይመለሳል። ለገናና ለጥምቀት የመጣውም ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ወላጆች በጣም የሚጨናነቁት እነዚህ የመመለሻ ሳምንታት ናቸው። በመስከረም ማብቂያ፣ በጥቅምት ወይም በየካቲት መሄድ የሚችል የተሻለ ዕድል አለው። በሳምንቱ መካከል ያሉ ቀናትም ብዙ ጊዜ ከዓርብና ከቅዳሜ ይሻላሉ።

ሦስተኛ፣ ትኬቱ ከየት እንደሚጀምር ዋጋውን ይለውጠዋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የሚመለስና ከዋሽንግተን ተነስቶ የሚመለስ ትኬት በአንድ አውሮፕላን ላይ እንኳ አንድ ዋጋ የላቸውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የሚታየው ዋጋ ብዙ ስለጨመረ፣ እዚህ በብር መክፈልንና እዚያ ያለ ልጅ በካርድ መክፈሉን በዕለቱ ምንዛሪ አስልታችሁ አወዳድሩ። በካርድ ሲከፈል አንዳንድ አየር መንገዶች የካርዱን ባለቤት ማንነት ስለሚያጣሩ፣ ይህን ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

አራተኛ፣ “ቢዝነስ” የሚለው ስም ሁልጊዜ አልጋ ማለት አይደለም። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፤ በአንዳንዶቹ ዘንበል ብሎ ይቆማል። የታመመ ወገብ ዘንበል ባለ ወንበር ላይ እየተንሸራተተ ያድራል። ከመክፈላችሁ በፊት “የአውሮፕላኑ ዓይነት ምንድን ነው? ወንበሩ እስከ መጨረሻ ይዘረጋል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ቀን መቀየሪያው ስንት እንደሆነ እወቁ። ልታርስ የሄደች እናት በቀኗ አትመለስም። ሕፃኑ ሲያስነጥስ፣ ክርስትናው ሲቆረጥ፣ እናቲቱ ሥራ ስትጀምር ቀኑ ይራዘማል። ርካሽ ቢዝነስ ትኬት ገንዘብ የማይመልስ፣ ቀን ሲቀየርም ቅጣት የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። ቪዛ ሳይያዝ ደግሞ እንዲህ ያለ ትኬት አይገዛም። በአሜሪካ ሕግ ወደዚያ የሚሄድ ወይም ከዚያ የሚነሳ በረራ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት በቀጥታ ከአየር መንገዱ እዚያ ከተገዛ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል፤ ወይም አየር መንገዱ ለ24 ሰዓት ያለ ክፍያ ይዞ ያቆየዋል። እዚያ ያለ ልጅ ይህን ቢያውቅ፣ ጥሩ ዋጋ ሲያይ ይዞ ቤተሰቡን ለማማከር አንድ ቀን ያገኛል።

ማይል፦ መዋጮ በሌላ መልኩ

እኛን በመጨረሻ የረዳን ማይል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው። ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳ፣ ሉፍታንዛና ተርኪሽም በዚሁ ኅብረት ውስጥ አሉ። በዚህ ምክንያት በአንዱ አባል ዘንድ የተጠራቀመ ማይል በሌላው አውሮፕላን ላይ ወንበር መያዣ ይሆናል። የማይሉ ባለቤት ራሱ መብረር የለበትም፤ አማች ለአማቱ ሊቆርጥ ይችላል።

አሜሪካ የሚኖሩ ልጆቻችን ብዙዎቹ ሳያስቡት ነጥብ አላቸው። ቤንዚንና የሱቅ ዕቃ በሚከፍሉባቸው አንዳንድ የክሬዲት ካርዶች የሚጠራቀመው ነጥብ ወደ አየር መንገድ ማይል ሊዛወር ይችላል። ለምሳሌ የቼዝ ባንክ ነጥብ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤር ካናዳ ማይል ይዛወራል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ደግሞ ወደ ኤር ካናዳ። የእህቴ ባል ለዓመታት ያልነካው ነጥብ ነበረው። “ለእማዬ ካልሆነ ለማን ይሆናል?” አለ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልጉ ሦስት ነገሮች አሉ። ነጥብ አንዴ ወደ ማይል ከተዛወረ አይመለስም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወንበሩ መኖሩን አይቶ፣ ከዚያ ማዛወር ነው። በማይል የሚሰጡት ወንበሮች ጥቂት ናቸው፤ ቀን የማይለዋወጥለት ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። እኛ በፈለግነው ሳምንት አጣን፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ወንበር ተገኘ። እማዬም “ቀድሜ ብሄድ ይሻላል፣ ልጅ ቀን ቆጥሮ አይወለድም” ብላ ተስማማች። መሄጃዋን በቢዝነስ፣ መመለሻዋን በኢኮኖሚ በዚያው በማይል ያዝንላት፤ በጥሬ ገንዘብ የከፈልነው ግብሩንና የአገልግሎቱን ክፍያ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው ጥንቃቄ፣ ነጥብ ለማግኘት ብሎ ዕዳ መግባት አይገባም። በየወሩ ሙሉ በሙሉ ያልተከፈለ ካርድ ወለዱ የነጥቡን ጥቅም ይበላዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ይሆናል።

በማይል ላልሄዱ ወላጆች ደግሞ በሼባ ማይልስ በስማቸው መዝገብ መክፈት ነፃ ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት የሚበረር በረራ ሁሉ ለሚቀጥለው ጉዞ ስንቅ ያስቀምጣል።

በኢኮኖሚ ገዝቶ ከፍ ማለት

ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ የገዛን መንገደኛ “ወደ ቢዝነስ ለመዛወር ምን ያህል ትጨምራለህ?” ብለው በኢሜይል ይጠይቃሉ። መንገደኛው የሚችለውን ዋጋ ያቀርባል፤ ወንበር ከተረፈ ከበረራው በፊት ባሉት ቀናት መልስ ይመጣል። ተቀባይነት ካላገኘ ገንዘቡ ከካርድ አይቆረጥም። አንዳንዴም በመሳፈሪያው ዕለት ቆጣሪው ላይ ቅናሽ ያለው ዋጋ ይቀርባል።

ይህ መንገድ ለጎልማሳ ጥሩ ዕድል ነው፤ ለአዛውንት ግን እርግጠኛ አይደለም። ሐኪም “መጋደም አለባቸው” ያለው ሰው በዕድል ላይ ተማምኖ አይሳፈርም። “ቢገኝ ጥሩ፣ ባይገኝም እችላለሁ” ለሚል ነው የሚሆነው። በጣም ርካሽ የሆኑ ትኬቶች ለዚህ ላይፈቀድላቸው ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

በአውሮፓ በኩል

ልጆቻቸው በሁለት አህጉር የተበተኑባቸው ወላጆች ሌላ ምርጫ አላቸው። ወንድሜ “ወደ እኔ መጥታ አሥር ቀን አርፋ ትሂድ” ብሎ ነበር። ረጅሙ ጉዞ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ በረራ ከስምንትና ከዘጠኝ ሰዓት አይበልጥም። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚበሩት አየር መንገዶች ብዙ ስለሆኑ ፉክክሩ ዋጋውን ያወርደዋል። ጄትብሉ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለንደንን ከኒውዮርክ ያገናኛል፤ ላ ኮምፓኚ የተባለው ደግሞ 76 ወንበር ብቻ ባላቸው፣ ሁሉም ወንበር ቢዝነስ በሆነባቸው አውሮፕላኖች ፓሪስንና ኒውዋርክን ያመላልሳል።

ነገር ግን ለብቻ ለብቻ የተገዙ ሁለት ትኬቶች አይተዋወቁም። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ኃላፊነቱ የመንገደኛው ነው። ሻንጣ ለማውጣትና ለማደርም የዚያ አገር ቪዛ ያስፈልጋል። ለመሸጋገር ብቻም ቢሆን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ በሸንገን አገሮች የአውሮፕላን ማረፊያ መሸጋገሪያ ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ይሆናል። እንግሊዝና ካናዳ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ኤምባሲውን ወይም አየር መንገዱን መጠየቅ ከቦሌ ከመመለስ ያድናል። እማዬ የጀርመኑን ጉዞ “ሁለት ጊዜ መውጣትና መውረድ ለጉልበቴ አይሆንም” ብላ ስለተወችው እኛ አልሄድንበትም።

ርካሽ የሚመስል ውድ

በፍለጋችን መካከል አንድ ቢሮ “ቢዝነስ ክላስ በግማሽ ዋጋ” አለን። ሲብራራ፣ ከማናውቀው ሰው የተገዛ ማይል ነው። ይህ አደገኛ ነው። አየር መንገዶች ማይል መሸጥና መግዛትን ይከለክላሉ፤ ሲደርሱበት መዝገቡን ይዘጋሉ፤ ትኬቱንም ይሰርዛሉ። የ74 ዓመት ሴት ዳለስ ላይ “መመለሻሽ ተሰርዟል” ስትባል አስቡት። የቤተሰብን ማይል መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ የገበያ ማይል ሌላ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ትኬቱ ላይ ካሉት በረራዎች አንዱን መዝለል ነው። “እስከዚያ ርካሽ ስለሆነ ገዝተን መሐል ላይ ይውረዱ” የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። አንድ በረራ ሲዘለል ቀሪው፣ መመለሻው ጭምር፣ ሊሰረዝ ይችላል።

ሦስተኛው ስም ነው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የአባት ስምና የአያት ስም ቅደም ተከተል ብዙ ቤተሰብ አስቸግሯል። ሲገዛ ፓስፖርቱን ከፊት ዘርግቶ መጻፍ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ገንዘብ የማይጠይቀው

ለቢዝነስ ክላስ አቅም የሌለው ቤተሰብ ወላጆቹን በደለ ማለት አይደለም። ከምቾቱ ብዙው ክፍል በነፃ የሚገኝ ነው። ዊልቸር በየትኛውም ክፍል ለተሳፈረ ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይታዘዝ። ስታዙ መንገደኛው ጥቂት መራመድ ይችሉ እንደሆነ፣ ደረጃ መውጣት ይችሉ እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ እርዳታ አለው። ቋንቋ ለማይችሉ ወላጆችም የሚገፋቸው ሠራተኛ እስከ ፓስፖርት መመርመሪያው ድረስ አብሯቸው ስለሚሄድ መንገድ አይጠፋቸውም።

መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ቀድማችሁ ያዙ። የጾም ምግብ ለሚፈልጉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነውን ምግብ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማዘዝ ይቻላል። የስኳርና የጨው መጠኑ የተቀነሰ ምግብም አለ። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይላክም፤ የሐኪም ማዘዣው ቅጂም አብሮ ይያዝ። እማዬ በኢኮኖሚ ለምትመለስበት ጉዞ ይህን ሁሉ አሁኑኑ አዘጋጅተንላታል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ለወላጆችና ለአያቶች። “እኔ ምንም አልሆንም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ” የምትሉት ለልጆቻችሁ አስባችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ልጆች የሚያሰሉት እናንተ በነገራችኋቸው ላይ ተመሥርተው ነው። ጉልበታችሁ ስንት ሰዓት ተቀምጦ እንደሚችል፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሱ፣ ባለፈው ጉዞ እግራችሁ ምን ያህል እንዳበጠ እውነቱን ንገሯቸው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነም “አንድ ሌሊት ይበቃኛል” በሉ። ያኔ ልጆቻችሁ ከአቅማቸው በላይ አያወጡም፤ እናንተም ከአቅማችሁ በላይ አትችሉም።